በዘጠኝ ሰዓት የተሰማው ድምፅ

ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የጡረተኛው የሂሳብ መምህር ሬሳ ሲገኝ በግቢው ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሻይ ይዛ የገባችው የቤት ሠራተኛዋና በጓሮ በኩል ባለው ክፍል የሚኖሩት የመምህሩ ታናሽ ወንድም። በዚያው ቀን ሌሎች ሁለት ሰዎች ወደ ቤቱ ገብተው ወጥተዋል። አንደኛው አዲሱን ስቴሪዮ የገጠመው ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት መጥቶ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሄዷል። ሁለተኛው ከሚስቱ ጋር በዚያው ቤት የሚኖረው የመምህሩ ልጅ ባል፣ መሐንዲሱ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳ ገብቶ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ ወጥቷል። ልጃቸው ነርስ ናት፤ ከማለዳው ጀምሮ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ ላይ ነበረች።

መርማሪዋ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። ባልደረቦቿ «ቆይ ቆይ» ይሏታል፤ ሰው ነገሩን ቋጭቶ ሊነሳ ሲል እጇን ከፍ አድርጋ «ቆይ፣ ቆይ» የማለት ልማድ ስላላት ነው። ቅጽል ስሙን ታውቀዋለች፤ አትጠላውምም።

አለቃዋ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«ያለቀ ጉዳይ ነው» አላት። «ጠጋኙ ዛሬ አዲስ ዕቃ ገጠመ፣ ሽማግሌው ነኩት፣ ኤሌክትሪክ ያዛቸው። ጠጋኙን ከሱቁ አስመጥቼዋለሁ። ሰው በቸልተኝነት ገድሏል። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ አስረክባለሁ። አንቺ ፈርሚና ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ልያቸው።»

«ይኸው ጀመረች» አለ አለቃው አጠገቡ ወዳለው ፖሊስ ዞሮ።

ክፍሉ ጠባብና ንጹሕ ነበር። አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር፣ በላዩ ላይ አረንጓዴ ትራስ፣ በሁለቱ ማዕዘን ሁለት ረጃጅም ስፒከሮች፣ በግድግዳው በኩል ደግሞ ባለ ሦስት ደርብ መደርደሪያ አለ። ከላይ ጣቢያ የሚይዘው አዲሱ ቱነር፣ ከሥሩ ድምፅ የሚመጥነው አዲሱ ፕሪአምፕ፣ ከታች እንደ ድንጋይ የከበደው አሮጌ አምፕሊፋየር ተቀምጠዋል። የቱነሩ መስታወት ገና ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ድምፅ ግን የለም። መምህሩ ከወንበሩ ፊት በጎናቸው ወድቀዋል። በቀኝ እጃቸው ከቱነሩ ጀርባ የተነቀለ ቀጭን የአንቴና ሽቦ ጨብጠዋል።

መርማሪዋ ተንበርክካ ጣቶቻቸውን አየች። የመቃጠል ምልክት የለም። ከዚያ ራሳቸውን አየች። ነጭ ፀጉራቸው ከአንዱ ጆሮ በላይ ጀምሮ በአናታቸው አልፎ እስከ ሌላው ጆሮ ድረስ፣ ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ተጨፍልቋል። የጆሮ ማዳመጫ የሚተወው ምልክት ነው። ማዳመጫው ግን ራሳቸው ላይ አልነበረም፤ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

በወንበሩ እጀታ ላይ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ አለ። የእርሳሱ ቅራፊ በትንሽ ሳህን ላይ ተጠራቅሟል። ወረቀት ፈለገች፤ በክፍሉ ውስጥ አንድም ወረቀት የለም።

ከቦርሳዋ ትንሽ መስታወት አወጣች።

«ሬሳ ፊት ልትኳኳይ ነው እንዴ?» አለ አለቃው።

«ሴት ያለ መስታወት ምን ትሠራለች?» አለችና መስታወቱን ከመሣሪያዎቹ ጀርባ አስገባች። በባትሪ እያበራች አየች። ከቱነሩ የመጡ ሁለት ገመዶች ፕሪአምፑ ላይ በስተቀኝ ተሰክተዋል። በስተግራ ባሉት ሁለት መሰኪያዎች ላይ ግን ከፋብሪካ የመጡ ነጫጭ የፕላስቲክ ቆቦች እንደተደፉ ናቸው። ፎቶ አነሣች። ከዚያ ክፍሉ እንዲታሸግ አዘዘች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ወንድማቸውን ነበር። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ እግራቸው ላይ ብቻ ካልሲ አድርገው አገኘቻቸው።

«እኔ ተኝቼ ነበር» አሉ። «ጠይቂያቸው፣ በዚህ ቤት እኔ ስተኛ ያላየ የለም።»

«ምንም አልሰሙም?»

«ልጄ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት የእሱ ሬዲዮ ነው የሚቀሰቅሰኝ። ጣቢያ ሲፈልግ ሽ... ይላል። ሽንኩርት በዘይት ሲቁላላ ነው የሚመስለው። ትናንት ተጣላን። ‹ወይ እኔን ምረጥ ወይ ሽንኩርትህን› አልኩት።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«‹ሽንኩርቱ አያንኮራፋም› አለኝ።» ሊስቁ ጀምረው ፊታቸው ተጨማደደ። «ዛሬ እስከ አሥር ተኩል ድብን ብዬ ተኛሁ። ሠራተኛዋ ስትጮህ ነው የባነንኩት። እንቅልፍ አማረኝ ስል ኖሬ ዛሬ ጠገብኩ። ምን ያደርግልኛል አሁን?»

ሠራተኛዋ ከዓይኗ እንባ እየጠረገች፣ በዚያው መሐረብ ጠረጴዛውንም ትወለውል ነበር።

«ከሰዓት በኋላ የት ነበርሽ እህቴ?»

«ጓሮ ልብስ ሳጥብ፣ እትዬ። ቧንቧው ክፍት ነው፣ ምኑን ልስማ? አንዴ ብቻ ነው የተነሣሁት፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ለመሐንዲሱ የመኪናውን በር ከፈትኩላቸው።»

«ምሳ ማን ከማን ጋር በላ?»

«ጋሼ ከጠጋኙ ጋር እዚያው ክፍል ውስጥ በሉ። መሐንዲሱ ለብቻቸው።»

«አማትና አማች በአንድ ቤት ለየብቻ?»

«ሳምንት ሆናቸው።»

«ለምን?»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ። የቤት ሰው ሲኮራረፍ ሠራተኛ የምታውቀው ሳህን መብዛቱን ብቻ ነው።»

መሐንዲሱ ሚስቱን ደግፎ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባ። ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሚስቱ «አባዬ!» ብላ ወደ ታሸገው በር ስትሮጥ አጎቷ አቅፈው ያዟት። እሱ ከመርማሪዋ ፊት ተቀመጠ።

«ልንገርዎት» አለ። «ስወጣ በበራቸው በኩል አለፍኩ። እንደ ልማዳቸው ጣቢያ ይፈልጉ ነበር። ሽ... ሲል ቆየና ሙዚቃው ገባ። ሰዓቴን አየሁ፣ ዘጠኝ ከአምስት ይላል። ‹አባባ ጀመሩ› ብዬ ወጣሁ። ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥራ አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አሥራ ሁለት ሰው ምስክር አለኝ።»

«ድምፁ ከፍ ያለ ነበር?»

«እንደ ሁልጊዜው። ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል።»

«ከእሳቸው ጋር ሰላም ነበራችሁ?»

«ከአማቱ ጋር የማይጋጭ ሰው ካለ ያሳዩኝ፤ እጁን እስማለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እባካችሁ በጠጋኙ ላይ አትጨክኑበት። ሆን ብሎ ያደረገው አይደለም።»

መርማሪዋ ይህን የመጨረሻውን ቃል በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት።

ጠጋኙን ሰፈሩ ውስጥ «ሽቦ» ይሉታል፤ ከሥራውም ከቅጥነቱም የመጣ ስም ነው። ዓርብ ጠዋት መርማሪዋ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ የሽቦ ሚስት ምሳ ዕቃ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሌሊቱን እዚያው ማደሯ ከዓይኗ ያስታውቃል።

«እትዬ፣ ስንት ዓመት ይፈርዱበታል?» አለች ሳትቀመጥ።

«ገና ማንም አልፈረደበትም።»

«አለቃው ‹ከአምስት አያንስም› አለኝ። ሱቁ ታሽጓል። እሱ እኮ የሰው ዕቃ ሲሰበርበት ምግብ የማይበላ ሰው ነው!»

ሽቦ አግዳሚ ወንበር ላይ ኩምትር ብሎ ተቀምጧል። የሚናገረው ወደ ጫማው ነው።

«እኔ ስለ ስቴሪዮ አላውቅም» አለችው መርማሪዋ። «እንደ ተማሪ አስረዳኝ።»

ስለ ሥራው ሲጠየቅ ትንሽ ቀና አለ። «ሦስት ናቸው እትዬ። ቱነሩ ጣቢያውን ከአየር ላይ ይይዛል። ፕሪአምፑ ከቱነሩ የመጣውን ተቀብሎ ድምፁን ይመጥናል፤ ከፍ ዝቅ፣ ቀኝ ግራ፣ ቀጭን ወፍራም፣ ሁሉም በእሱ ነው። የጆሮ ማዳመጫም የሚሰካው እሱ ላይ ነው። ትልቁ አምፕሊፋየር ደግሞ ከፕሪአምፑ ተቀብሎ ጉልበት ይጨምርና ወደ ስፒከር ይልካል። ቅብብሎሽ ይበሉት። አንዱ ካልሰጠ ሌላው አይቀበልም።»

«የአንቴና ሽቦ ሰው ይገድላል?»

«ዝንብም አይገድል! ግድግዳ ላይ የተወጠረ ባዶ ሽቦ ነው፤ ከመብራት ጋር አይገናኝም። ለአለቃው ነገርኳቸው። ‹ሽቦ ሽቦ ነው፣ አንተም ሽቦ ነህ› አሉኝ።»

«ሽማግሌው ለምን አዲስ ገዙ?»

«ለወንድማቸው ብለው ነው። አሮጌው ቱነር ጣቢያ ሲፈለግ ሽ... እያለ ይረብሻል። አዲሱ ዝም ማሰኛ ቁልፍ አለው። ቁልፉን ከተጫኑት በጣቢያና በጣቢያ መካከል ፀጥ ነው፤ የሚናገረው ጣቢያው ሲገባ ብቻ ነው። ጋሼ ሲሰሙት እንደ ሕፃን ነው የሳቁት። ‹ለወንድሜ እንዳትነግረው፣ ነገ ራሱ ይወቀው› አሉ።»

«በቤቱ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው ነበር?»

«እኔና እሳቸው ብቻ። አሮጌውን ስሄድ ይዤው ወጣሁ።»

«አንተ ስትሠራ እሳቸው ምን ያደርጉ ነበር?»

«ሰማያዊ መስመር ያለበት ትልቅ ወረቀት ዘርግተው በእርሳስ ያሰሉ ነበር። ‹ይሄ ጣሪያ የቆመው በተስፋ ነው› አሉ። እኔ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።»

«ቆይ» አለች። «ሥራህን ጨርሰህ ነው የሄድከው?»

ሽቦ እንደገና ወደ ጫማው አየ። ጆሮዎቹ ቀሉ።

«ጨርሼ ነው» አለ። «ሙሉ በሙሉ።»

መርማሪዋ አልተከራከረችውም። ወደ መዝገብ ቤት ሄዳ ከሱቁ የተያዘውን ዕቃ አስመጣች። ፖሊሱ እያነበበ ጠረጴዛው ላይ ደረደረው፤ መበየጃ አንድ፣ ፒንሳ ሁለት፣ አሮጌ ቱነር አንድ፣ ገመድ አንድ። ገመዱን አንስታ አየችው። በአንዱ ጫፉ አምስት ጥርስ ያለው ክብ መሰኪያ ተበይዷል፤ ሌላው ጫፍ ገና ባዶ ነው።

«ሲያዝ ምን ይሠራ ነበር?»

«ይህንኑ ገመድ እየበየደ ነበር» አለ ፖሊሱ። «እጁ ላይ እንደያዘው ነው ያመጣነው።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማው ዳር ሄደች። መሐንዲሱ የሚያሠራው የሕፃናት ትምህርት ቤት እዚያ ነው፤ ሥራው ተገባዷል፣ ልጆቹ ሰኞ ሊገቡበት ነው። ከሥራ ተቆጣጣሪው ቢሮ አንድ ጥቅል ወረቀት በፊርማዋ ተረክባ ወጣች። ማታ ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ስልክ ደወለላት።

«ኤሌክትሪክ አይደለም» አላት። «ታፍነው ነው። አፍንጫቸው ውስጥ አረንጓዴ ክር አግኝቻለሁ። ጽሑፉን ጠዋት እልክልሻለሁ።»

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉንም በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወንድማቸው በሩ አጠገብ ቆሙ። ሠራተኛዋ ከኋላቸው ተጠለለች። ነርሷና ባሏ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሽቦ እጁ በሰንሰለት ታስሮ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆመ፤ ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ናት። አለቃው መዝገቡን በብብቱ ይዞ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«አንድ ሰዓት አለሽ» አላት።

«ይበቃኛል። መምህሩ የሞቱት በኤሌክትሪክ አይደለም። ይኸው የሐኪሙ ጽሑፍ። ወንበር ላይ እንደተቀመጡ በዚህ ትራስ ታፍነዋል። ኤሌክትሪክ እንዲመስል ሽቦ እጃቸው ላይ ተደረገ። ያደረገው ሰው ግን ስለ መሣሪያው አያውቅም፤ የመረጠው ዝንብ የማይገድለውን ሽቦ ነው።»

ነርሷ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። አለቃው መዝገቡን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ።

«ታዲያ ይሄው ልጅ አፍኗቸው ሄዷል ማለት ነዋ!»

«ቆይ። እሱ የወጣው ስምንት ተኩል ላይ ነው። መሐንዲሱ ዘጠኝ ከአምስት ላይ ጣቢያ ሲፈልጉ ሰምቻቸዋለሁ ብለዋል። ይህ እውነት ከሆነ ሽቦ ነጻ ነው፤ መሐንዲሱም ነጻ ናቸው፣ አሥራ ሁለት ሰው አይቷቸዋል። የሚቀሩት በግቢው የነበሩት ሁለቱ ናቸው።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ሠራተኛዋ «ኧረ በፈጠራችሁ!» ብላ ቁጭ አለች።

«እኔ?» አሉ ወንድማቸው። «በሽንኩርት የተነሳ ወንድሜን? ልጄ፣ እኔ ትራስ የማውቀው ለመተኛት ነው!»

«ይህ እውነት ከሆነ ነው ያልኩት» አለች መርማሪዋ። ወደ መሐንዲሱ ዞረች። «የሰሙትን ይድገሙልኝ።»

«ነግሬዎታለሁ። ሽ... አለ፤ ከዚያ ሙዚቃው ገባ።»

ወደ ቱነሩ ሄዳ አንድ ቁልፍ በጣቷ ጠቆመች። «ይህ ዝም ማሰኛ ነው። ክፍሉን ሳሽግ ተጭኖ ነበር፤ ፎቶው አለ። ይህ ሲጫን ቱነሩ ሽ... አይልም። ሽ... የሚለው አሮጌው ነው፤ እሱ ደግሞ ስምንት ተኩል ላይ ከዚህ ቤት ወጥቷል።»

መሐንዲሱ ፈገግ አለ።

«አዲስ ዕቃ አይደል? አባባ ቁልፉን እየነካኩ ይሞክሩት ነበር። ሲለቁት ሽ... አለ፣ ከዚያ መልሰው ተጫኑት። እኔ በሩን አልፌ ሄጃለሁ፤ ቁልፉን አልጠበቅኩም።»

«ይሆናል» አለ አለቃው። «ያሳምናል።»

«እኔም አስቤዋለሁ» አለች። «ስለዚህ ሌላ ሰው ልጠይቅ።» ከሽቦ ፊት ቆመች። «ትናንት ሥራዬን ጨርሼ ነው የሄድኩት ብለኸኛል። አሁን በሰው ፊት እጠይቅሃለሁ። ስትሄድ እነዚህ ስፒከሮች ይሠሩ ነበር?»

ሽቦ ወደ ጫማው አጎነበሰ። አለቃው መዝገቡን ከፍቶ ብዕሩን አዘጋጀ። ከኮሪደሩ ሚስቱ «ተናገር እንጂ!» አለችው።

«አይሠሩም» አለ በመጨረሻ።

«ጮክ በል።»

«አይሠሩም! አልጨረስኩም።» ዓይኑ እንባ ሞላ። «የአሮጌው አምፕሊፋየር መሰኪያ ክብ ነው፣ ባለ አምስት ጥርስ። የአዲሱ ፕሪአምፕ ሌላ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ገመድ አልነበረኝም። ‹ሱቄ ገብቼ እበይድና ነገ ጠዋት አመጣለሁ፤ ለዛሬ በጆሮ ማዳመጫ ይስሙ› አልኳቸው። ‹እሺ ልጄ› አሉኝ። ከዚያ ሞቱ ሲባል... ግማሽ ሥራ ሠርቶ ሰው ገደለ እንዳይሉኝ ፈራሁ። በሥራዬ ታምቼ አላውቅም።»

«ይኸው አመነ!» አለ አለቃው። «ዋሽቶናል!»

«ዋሽቷል። የዋሸው ግን የሚያድነውን ነገር ነው» አለች። ፎቶውን አውጥታ ለአለቃው ሰጠችው። «የፕሪአምፑ ጀርባ ነው፤ ሐሙስ ማታ ያነሣሁት። በግራ በኩል ወደ አምፕሊፋየሩ የሚወጣበት ቦታ ይታይሃል? የፋብሪካው ቆብ እንኳ አልተነሣም። ቅብብሎሹ እዚህ ላይ ተቋርጧል። እየበየደው የነበረው ገመድም በእናንተው መዝገብ ቤት አለ። ሐሙስ ዕለት ከእነዚህ ስፒከሮች ሽ...ም፣ ሙዚቃም፣ ምንም ሊወጣ አይችልም ነበር። የሰሙት ማዳመጫው ጆሮአቸው ላይ የነበረው መምህሩ ብቻ ናቸው። ፀጉራቸው ላይ ምልክቱ ነበር።»

ወደ መሐንዲሱ ተጠጋች።

«ከዚህ ክፍል ያልወጣውን ድምፅ ኮሪደር ላይ ሆነው ሰማሁ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለች መሐንዲሱን። «በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት የሚሰማውን ያውቁታል። በልማድ ዋሹ። ስምንት ተኩል ላይ ሽቦ ሲወጣ ገቡ። መምህሩ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ማዳመጫ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ከኋላ ሲጠጉ ኮቴዎን አልሰሙም። ከጨረሱ በኋላ በማዳመጫ የሚሰማ ሬዲዮ ኮሪደር ላይ እንደማይደርስ ገባዎት። ስለዚህ ነቅለው ጠቅልለው አስቀመጡት። ማዳመጫው ሲነቀል ስፒከሩ ይናገራል ብለው ነው ያሰቡት። ድምፅ ሲጠፋ ደግሞ የአንቴናውን ሽቦ ስለነቀሉት መሰለዎት። ከዚያ ዘጠኝ እስኪያልፍ ክፍልዎ ውስጥ ጠብቀው፣ በሩን ሠራተኛዋ እንድትከፍትልዎ አደረጉ።»

«ለምን ብዬ?» አለ። «ምን በደሉኝና?»

ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሰማያዊ መስመር ያለው የጣሪያ ንድፍ ነው።

«ይህ የሕፃናት ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ነው። መምህሩ ሐሙስ ሲያሰሉበት ሽቦ አይቷል። ማኅተም ያለበት ዋናው ወረቀት ስለሆነ ማቃጠል አልቻሉም፤ ተቆጣጣሪው ይጠይቃል። ስለዚህ የእርሳሱን ጽሑፍ በላጲስ አጥፍተው መለሱት። ግን መምህር ሲጽፍ ጫን ብሎ ነው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዘንብለው ይዩት፤ ጎድጎዱ ይነበባል።»

ነርሷ ከባሏ ቀድማ ተነሣች። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው። የአባቷን ቁጥሮች ታውቃቸዋለች፤ ልጅ ሆና የተማረችው በእነዚያው ነው። ከቁጥሮቹ በታች አንድ መስመር ነበር፤ አነበበችው።

«‹የጣሪያው ተሸካሚ በግማሽ ያንሳል። እስከ ቅዳሜ ራሱ ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ።›»

ወረቀቱን አስቀመጠችና ወደ ባሏ ዞረች።

«ሰኞ ልጆች ሊገቡ ነው» አለችው። «ሰኞ!»

«አንድ ወር ስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው» አለ መሐንዲሱ። የሚያየው እሷን ብቻ ነው። «ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ አለቀልኝ አልኳቸው። በዝግታ አጠናክረዋለሁ፣ ማንም ሳያውቅ። ‹ጣሪያ ወር አይጠብቅም› አሉኝ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ማዳመጫቸውን አደረጉ። ጀርባቸውን ሰጡኝ...»

«አባዬ እኮ አንተን ልጄ ነበር የሚልህ» አለች። ከዚያ በኋላ አላናገረችውም።

አለቃው ለረጅም ጊዜ መዝገቡን ሲያይ ቆየ። ከዚያ የመጀመሪያውን ገጽ ቀደደውና አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ለፖሊሶቹ በእጁ ምልክት ሰጠ። ሰንሰለቱ ከሽቦ እጅ ወጥቶ መሐንዲሱ እጅ ላይ ገባ።

ሽቦ የተፈታውን እጁን እያሻሸ ወደ መርማሪዋ ተጠጋ።

«እትዬ፣ መዋሸቴን... ይቀጡኛል?»

«ይቀጡሃል» አለች። «እኔ እቀጣሃለሁ። ሁለተኛ ሥራህን ሳትጨርስ ‹ጨረስኩ› እንዳትል።»

ሽቦ ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ከሚስቱ ጋር ወደ ቤቱ ሄደ፤ የሱቁ እሽግ ማክሰኞ ተነሣለት። የሕፃናት ትምህርት ቤቱ ሰኞ አልተከፈተም። ሦስት መሐንዲሶች ጣሪያውን መርምረው እንዲፈርስ አዘዙ፤ ፈርሶ እንደገና እስኪሠራ አምስት ወር ፈጀ። የመምህሩ ልጅ ባል በሳምንቱ ሐሙስ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ነኝ አለ።